ቦራን ቅዳሜ እንዳያወጡት

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? እህሉስ ዘንድሮ አማረ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁና ከመርካቶው ዱባይ ተራ ግፊያ በቀር ምንም አልሆንኩም። ትናንት ደውዬ "ይሰማል? ይሰማል?" ስንባባል ካርዱ ስላለቀ፣ ይህን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ልኬያለሁ። ወንድሜ ይገረም ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፤ አንብቦ ሳይጨርስ ግን በሬያችንን ቦራን ለቅዳሜ ገበያ ከበረት እንዳያወጡት።

ለኮሌጅ ክፍያዬ ብለው ቦራን ሊሸጡት መሆኑን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኝ ነበር። እሱ ከሄደ ዳለቻ ብቻውን ምን ያርሳል? ስለዚህ ፋርማሲ የምማርበት ኮሌጅ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ ስሰማ፣ ሳልነግርዎት ተመዘገብኩ። ፈተናውን አለፍኩ፤ የቀረው ቃለ መጠይቅ ነበር።

አሠሪዬ እትዬ ፋኢዛ "በዚህ ሸበጥ ሄደሽ ሱቄን አታሰድቢ" ብለው ከመደርደሪያው አዲስ ጫማ አወረዱልኝ። ስመለስ የሚሸጥ ስለሆነ እንዳይጨማደድ እግሬን ሳላጥፍ እንድራመድ አስጠነቀቁኝ። ኮሌጁ ድረስ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ማዕረግ ውጤቴን አድንቀው፣ ኮሌጁ የክፍያዬን ግማሽ እንደሚችልልኝ ነገሩኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ይፈርማል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ጫማ ስሸጥ ኖሬ፣ የመጀመሪያ ዋጋ ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። "ግማሽማ አያዋጣኝም፤ ሦስት አራተኛ አድርጉትና እንስማማ" አልኳቸው። ሦስቱም ተያዩ። ወይዘሮ ማዕረግ እዚህ ክርክር እንደሌለ በትሕትና ነገሩኝ።

ከዚያ ላደረግሁት ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ሻጭ አልቀንስም ሲል ጥሎ መሄድን ገበያ ይዘውኝ እየወጡ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ቦርሳዬን አንስቼ "እንግዲያው ይቅርብኝ" ብዬ ወጣሁ። መርካቶ ቢሆን ሦስት እርምጃ ሳልሄድ "ነይ እስቲ፣ ስንት ትያለሽ?" እባላለሁ። ጫማውም አያስቸኩልምና ቀስ አልኩ። ኮሪደሩን ጨረስኩ፣ ደረጃውን ወረድኩ፤ የጠራኝ የለም። ዘበኛው በሩ ላይ ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ። እስኪጠሩኝ ነው አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚህ የሚጠራው ቀጣዩ ነው" አሉኝ። ወዲያው ከላይ የሌላ ልጅ ስም ተጠራ።

አባዬ፣ ክው አልኩ። ቦራ ገበያ መሐል ታስሮ ታየኝ። ጫማውን ረስቼ ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁና ልጁን ቀድሜ ገባሁ። እያለቀስኩ፣ ግማሹን እንደተቀበልኩ፣ ለቀሪው ግን አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሊሸጡብኝ መሆኑን ተናገርኩ። በጉልበቴ የምከፍልበት መንገድ ካለም ጠየቅሁ። ወይዘሮ ማዕረግ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ቆዩና፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ለሚሠራ ተማሪ ቀሪው ክፍያ እንደሚቀርለት ነገሩኝ። ለምን አስቀድመው እንዳልነገሩኝ ብጠይቃቸው "የጠየቀን የለም፤ ሁሉም አመስግኖ ነው የሚሄደው" አሉኝ። እዚያው ፈረምኩ።

እትዬ ፋኢዛ ሲሰሙ፣ በራሱ የተመለሰ ደንበኛ ዋጋ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስለትም፣ አዋረድሽኝ ብለው ተቆጡ። የተጨማደደውን ጫማ ግን አገላብጠው አዩና፣ ኮሌጅ በሸበጥ አይገባም ብለው ተዉልኝ። ትምህርት በሌለኝ ቀን ከሳቸው ጋር መሥራቴን እቀጥላለሁ። ውጤቴ ከሦስት ነጥብ ከወረደ ዕድሉን ይነጥቁኛል፤ ያኔ ቦራም እኔም ገበያ መውጣታችን ነውና በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ይገረም፣ በእኔ ፈንታ የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ትንሿን እህታችንን ማርያማዊትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ደብተሯን እንዳትቀድ ንገራት። አባዬ፣ ሳልጠራ መመለሴን ለገበያ ጓደኞችዎ አይንገሩብኝ። ለቦራ ግን ይንገሩት፤ ግንባሩን እያሹ፣ ስለ እሱ ብዬ እንደተመለስኩ ይንገሩልኝ።

ልጅዎ ጽጌሬዳ
መርካቶ፣ ዱባይ ተራ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.