ከአዲስ አበባ ፈቃድ የሚጠብቀው የሐብሩ ፓምፕ

ለተከበሩ የፀሐይ ፓምፕ ፕሮጀክት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን ንጹሕ ውኃ ጠጥታችሁ በሰላም ባደራችሁበት ማለዳ እንዲያገኛችሁ ዱዓዬ ነው። እኔ ከመርሳ ወረድ ብላ በምትገኝ መንደር የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ፓምፓችንን ሲመርቁልን፣ በውስጡ ያለው ፕሮግራም እንደ አዲስ እንዳልተጻፈ፣ በሌሎች ከተሞች ሲሠሩ ከነበሩ ዝግጁ ክፍሎች እንደተገጣጠመና ይህም ብዙ ድካም እንዳስቀረ በኩራት ነግረውናል። እኛም አጨብጭበናል። አሁን ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. ከክፍሎቹ አንዱ በየማለዳው በስልክ መስመር አዲስ አበባ ያለውን ኮምፒውተር ፈቃድ እንዲጠይቅ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ለካ ክፍሉ የተወሰደው፣ ውኃ በቅድሚያ ክፍያ ከሚሸጥበት ከተማ ኖሯል፤ እኛ ዘንድ ውኃ የሚሸጥ ባይኖርም፣ ክፍሉን ማውጣት አድካሚ ስለሆነ እንዳለ ተላከልን። ጦርነቱ ደርሶ ስልክ ሲቋረጥ፣ ፀሐዩም ጉድጓዱም ሞተሩም ደህና ሆነው ሳለ ፓምፑ ፈቃድ እየጠበቀ ቆመ። የጤና ጣቢያችንን አልጋ ሳይቀር የዘረፉት እንኳ እሱን አልነኩብንም፤ ውኃውን የከለከሉን እርስዎ ብቻ ነዎት።

፪ኛ. መካኒኩ ግርማ ከሲሪንቃ በእግሩ መጥቶ የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን ሲከፍት፣ ሌላው ዝግጁ ክፍል ሌባ መጣ ብሎ ሁሉንም ነገር ቆለፈው። ያን ሁሉ ዘራፊ ማንም ምን ሠራህ ሳይለው፣ በዚያ ሰሞን በሌብነት የተያዘው ግርማ ብቻ በመሆኑ ንቃትዎን አድንቀናል።

፫ኛ. እንግዲህ ከወንዝ ጠጣን። ልጄን ናጅዋን ተቅማጥና ትውከት ያዛት። ወደ ወልድያ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር፣ ከፓምፑ አጠገብ ባለው ቤታችን ውኃ፣ ውኃ እያለች ሞተች። እዚህ ላይ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ። አንጀቴ አሯል፣ ክቡር ሆይ።

ስልክ ሲመለስ ለላክነው አቤቱታ፣ ጥያቄያችን እንደደረሰና ስለ ትብብራችን እንደምንመሰገን የሚገልጽ መልስ ወዲያውኑ መጣልን፤ እሱም ከዝግጁዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ሣጥኑ ግን እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው፤ የሚከፍትልን ሰው ይመጣል ብዬም አልጠብቅም።

ለቤትዎ የማይነጥፍ ውኃ እየተመኘሁ፣ ለመጠጣት ፈቃድዎን ከሚጠባበቁት ጎረቤቶቼ ጋር በታላቅ ትሕትና እጅ እነሣለሁ።

ኑርሁሴን ኢስሐቅ
ሐብሩ፣ ጥር ፳፻፲፬ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይኸው ፕሮግራም አንድም ሳይነካ ሐራ ላይ በሚተከለው ፓምፕ እንደሚጫን ሰምቻለሁ። ይህንንም ደብዳቤ እባክዎ እንዳለ ያስቀምጡት፤ ከሐራ የሚጽፍልዎ አባት እንደ አዲስ ከሚደክም፣ የልጁን ስም ብቻ ቀይሮ ይፈርምበታል።