የቀትር ሩጫንና የዓሣ በረዶን በሚመለከት ለአዞዎቹ ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ዋልተር ሞሩ
የወደብ ሰፈር አዞዎች ራግቢ ሊግ ክለብ ሊቀመንበር፣ በራስዎ ሹመት ደግሞ የአካል ብቃት አሠልጣኝ
ሌይ ከተማ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ በክለባችን ጤና የተረፈው በእርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ ፈጣሪ እንዲጠብቅልን እለምናለሁ። እኔ የተጫዋቾችዎን ቁርጭምጭሚት አሥራ አንድ ዓመት በፋሻ ሳስር የኖርኩ፣ ባለፈው ሳምንት በደብዳቤ ያሰናበቱኝ ጡረተኛ ነርስ ናኦሚ ያሊንግ ነኝ።

አንደኛ፣ ከባሕር ማዶ፣ ከብሪዝበን የሁለት ሳምንት ሥልጠና ፊሽካና ደብተር ይዘው ተመልሰው፣ ሰው የሚጠነክረው በቀትር ሲሮጥ፣ ውሃ ሲከለከልና ክብደቱ ሲቀንስ መሆኑን ስለገለጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኛ አላዋቂዎቹ ማለዳ ኮረብታ እየወጣን፣ ፀሐይ ስትከር ጥላ ሥር እያረፍን ኖረናል፤ በዚሁ ስንፍናችንም ሦስት ዋንጫ በልተናል።

ሁለተኛ፣ የገሰንግ ጉዳይ ነው። የፊት መስመር ተጫዋቻችን ገሰንግ ከንጋት ጀምሮ ወደብ ላይ የሩዝ ጆንያ ተሸክሞ የሚመጣ፣ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሰው ነው። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት አሥራ አምስት ኪሎ እንዲቀንስ፣ ለዚህም ከማልያው ሥር የቆሻሻ ፌስታል ለብሶ እንዲሮጥ አዘዙት። ባላጋራ የሚፈራው ክብደቱን መሆኑን በትሕትና ቢያስረዳዎት፣ ሰው የሚገፋው በሳንባ ነው ብለው አስተማሩት።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ቀትር፣ በአሥራ ዘጠነኛው ዙር ላይ ገሰንግ መስመሩን ለቆ ወደ እኔ መጣና፣ «እማማ ናኦሚ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። ያን ዕለት ግጥሚያ አልነበረም። ወዲያው ተዘረረ፤ ብዳስሰው ሰውነቱ እንደ ፍም ይፋጃል። እርስዎ ሰዓትዎን እያዩ፣ «ተዉት፣ ማስመሰል ነው። ተነሥቶ ይጨርሳል» አሉ።

እኔም ያለ ፈቃድ ሜዳ ገባሁ። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ፌስታሉን ቀደን፣ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው የዓሣ ገበያ ጎትተን አደረስነው። ዓሣ ሻጯ ባሮም ምንም ሳትጠይቅ የሳጥኗን በረዶ ሁሉ ገለበጠችበት። ዓሣሽ ይበላሻል ብላት፣ «ዓሣ ነገም ይጠመዳል፤ እሱን ያዢው» አለችኝ። ሆስፒታል ስናደርሰው ሐኪሙ፣ «በረዶው አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ኖሮ አስከሬን ነበር የምታመጡልኝ» አለ። ኩላሊቱ እስኪያገግም ዘጠኝ ቀን ፈጀ።

ሦስተኛ፣ «ያለ ፈቃድ ሜዳ በመግባት» ስላሰናበቱኝ አልከራከርም፤ ገብቻለሁ።

አራተኛ፣ ከዘንባባዎቹ ክለብ ጋር ባደረግነው የመጀመሪያው ግጥሚያ ተጫዋቾቻችን እንደ ምኞትዎ ቀለው ስለተገኙ፣ ባላጋራዎቻቸው አንሥተው ለመጣል ምንም አልተቸገሩም። ሃምሳ ሁለት ለአራት ተሸነፍን፤ እርስዎም ለጋዜጣ «ልብ አነሳቸው» አሉ።

አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። የገሰንግ ባለቤት በሆስፒታሉ ኮሪደር ይዛኝ፣ ሊቀመንበሩ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን አይቼ እውነቱን መናገር ስላቃተኝ፣ በጣም አዝነዋል፣ ሊጠይቁት ይመጣሉ አልኳት። እስከ ማታ በሩን ስታይ ዋለች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ዕድሜዬ ውሸታም ሆኜ እንዳልቀር፣ ዘግይቶም ቢሆን ሄደው ቢጠይቁት እወዳለሁ። ሥራዬን እንዲመልሱልኝ አልለምንም፤ ልምምዱ ወደ ማለዳ እንዲመለስና ከሜዳው ዳር አንድ በርሜል ውሃ እንዲቆም ብቻ እለምናለሁ።

የፊሽካዎ ድምፅ ከሩቅ እንኳ የሚያስደነግጣት፣ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ልምምዱን የምትከታተል አክባሪዎ፣
ናኦሚ ያሊንግ

ማስታወሻ፦ እርስዎ ጊዜ ባጡባቸው ቀናት፣ የባላጋራችን የዘንባባዎቹ ክለብ ተጫዋቾች ሙዝና ጎደሬ ተሸክመው፣ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ገሰንግን ጠይቀውታል። ትናንት ለእነሱ ፈረመ። ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ መጫወት ይችላል ስላለ ለመልሱ ግጥሚያ ይደርሳል፤ ያን ዕለት ማን ፊቱ እንደሚቆም ካሁኑ ቢያስቡበት መልካም ነው።