በሩን ማን ከፈተው?

ይድረስ ለወንድሜ ለኦሪን፣ አላስካ።

እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ ኔቫዳ ከግማቱ በቀር ደህና ነን።

ግማቱ የቢቨሮቹ፣ የእነዚያ ጥርሳም የውሃ አውሬዎች ነው። አባባ የጅረቱን ዳር አጥሮ ከብቶቹን በበጋ ከከለከለ ወዲህ አኻያው አደገ፤ ቢቨሮቹም አኻያውን እየቆረጡ ውሃውን ገደቡት። በነሐሴ ሐሩር እንኳ ጅረቱ አልደረቀም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያደንቃል። እኔን ግን ያቅለሸልሸኛል! ጭቃው የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ የአባባን ካልሲ ባጠብኩ ቁጥር አልቅት እለቅማለሁ። ኤጭ!

አባባ በየጠዋቱ እስከ ወገቡ እየገባ ግድቡን ይንዳል። ሰኞ ዕለትማ የአጥሩ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ላሞቹ አኻያውን ሲግጡ ደረስኩ።

«ይሄን አጥር የትኛው ደደብ ነው ያጠረው?» አለኝ አባባ።

«አንተው ነሃ!»

«ቀልድሽን ተይ። በሩንስ ማን ከፈተው?»

«አንተ!»

«በር እንዳገኙት ነው የሚተው ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ይሄ የኦሪን ሥራ ነው፤ ጠዋት በዚህ ሲያልፍ ነው። ይምጣ ብቻ!»

አንተ ከሄድክ ዘጠኝ ዓመትህ።

ቢቆጣም ምሳህን ከድኖ አስቀመጠልህ። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ባቄላው ጸጉር አብቅሎ ይከረፋል። ልደፋው ስል «የልጄን ምግብ!» ብሎ እጄን መታኝ።

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ሳህንህ እንደተከደነ ነው።

እህትህ ቬርና