ቁጥሯ ሲወርድ ብቻ

ውድ ወንድሜ ኸይረዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ የአላህ ሐቅ ስለሆነ ነው እንጂ ዛሬስ ለአንተ የሚሆን ደህና ቃል ከአፌ አይወጣም። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጀምር «ናጅዋ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ» ብለህ ትዘጋብኛለህ። ወረቀት አይዘጋም። እስከ መጨረሻው ታነበዋለህ።

እማ ደህና ናት፤ እንዳትደነግጥ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ባለፈው ሐሙስ ሆስፒታል እንደገባች ታውቃለህ። እውነተኛውን ምክንያት ግን አታውቅም። «ጾሙ ነው የጎዳት፣ አንቺም ዝም ብለሽ አየሻት» ብለህ የጮህክብኝ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ያንን የስኳር መለኪያ የላክህላት ጊዜ መርቄህ ነበር። ጣቷን መወጋት ቀረላት። የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነገር ክንዷ ላይ ተለጥፋ ስኳሯን ለስልኳ ትነግራለች፣ ስልኳ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ለአንተ። መብራት ሲጠፋ እንኳ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ሮጬ ስልኳን ቻርጅ አስደርጌ እመጣለሁ፣ ወንድሜ እናቱን እንዲያይ ብዬ። አንተም ለሰው ሁሉ «እናቴን በየደቂቃው አያታለሁ» ስትል ከረምክ። አየሃት እንዴ? ያየኸው ቁጥር ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ተቀምጣ እንደምትሰግድ ቁጥሩ ነገረህ? ዒድ መጥቶ ዒድ ሲሄድ አንተ የለህም።

ስኳሯ ሲወርድ ግን ትደውላለህ፣ ይህ አይካድም። «እማ፣ ቴምር ብዪ፣ ማር ላሺ፣ እስኪወጣ አብሬሽ ነኝ» እያልክ፣ የልጅነትህን ነገር እያነሳህ እያሳቅካት ትቆያለህ። ቁጥሩ ሲስተካከል ትዘጋለህ። አንድ ቀን ደህና ስትሆንም እስቲ ደውልላት ብልህ ምን አልከኝ? «ቁጥሯ ጥሩ ነው እኮ፣ ምን ብዬ ልደውል?» ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጌው ነበር። እማ አጠገቤ ተቀምጣ ሰምታሃለች።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰኞና ሐሙስ መጾም የጀመረችው። ኢንሱሊን የምትወጋ ሴት! ረመዳንን እንኳ ሐኪሙ ከልክሏት፣ ሼኹም አላህ አግርቶልሻል ብለዋት፣ ፊድያ አውጥታ ሚስኪን ነው የምታበላው። ምነው እማ ብላት «ሱና ነው፤ በእኔና በጌታዬ መሀል አትግቢ» አለችኝ። እዚህ አገር ደግሞ አንዲት አሮጊት ጾምኩ ስትል አትጹሚ የሚል ደፋር ከየት ይመጣል? ጎረቤቱ ሁሉ ማሻአላህ፣ እትዬ ሙሚና በዲኗ ጠነከረች ይላል። ጨንቆኝ ለአንተ ነገርኩህ። እየተከታተልኳት ነው፣ አታስቢ አልከኝ።

ሐሙስ ዕለት እኔ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ሽንኩርት እያስነቀልኩ ነበር። ስልኬ ጠራ፤ አንተ ነህ። ስኳሯ ወርዷል፣ ስልክም አታነሳም። አምቡላንስ ጠይቀህ ምጥ የያዛት ሴት ሊያመጣ ጀውሃ ሄዷል ብለውሃል። እነሱን አልወቅስም፣ ያለው መኪና አንድ ነው። እኔ ለጎረቤታችን ለከበቡሽ ደወልኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚሉት ወደው አይደለም። በሩን ገፍታ ስትገባ እማ መደቡ ሥር ወድቃ፣ ላብ አጥምቋት አገኘቻት። እውነቱን ልመስክር፤ ከበቡሽ ደንግጣ ስኳር በጥብጣ ልታጠጣት ስትል፣ ወደ እማ ስልክ መልሰህ ደውለህ፣ ከበቡሽ ስታነሳው አፏ ውስጥ እንዳታፈሺ፣ ትን ይላታል ብለህ ያስቆምካት አንተ ነህ። ለዚህስ አላህ ይስጥህ። የሰፈሩ ባለባጃጅ አንዋር አስተኝቶ ሆስፒታል አደረሳት። ግሉኮስ በደም ሥሯ ሲገባላት እኔ እጄ ጭቃ እንደሆነ ደረስኩ።

ዓይኗን ገለጠች። የት ነኝ አላለችም።

«ኸይረዲን ደወለ?» አለችኝ።

ደውሏል አልኳት።

«ዛሬ ቆየብኝ» አለች።

የምትቃዥ መሰለኝ። በኋላ ሰው ገለል ሲልልን እጄን ይዛ ሁሉንም ነገረችኝ። ስልኩ ስኳርሽ ወረደ ብሎ ሲጮህ ሰምታለች። ቴምሩም አጠገቧ ነበር። አልበላችም፤ አንተ እስክትደውል እየጠበቀች ነበር። ለካ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የምታደርገው። ትጾማለች፣ ስኳሯ ይወርዳል፣ አንተ ትደውላለህ፣ ያኔ ድምፅህን እየሰማች ታፈጥራለች። የዚያን ቀን አንተ ስብሰባ ገብተህ የስልክህን ድምፅ አጥፍተኸዋል። ጾሙስ እማ፣ ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አላህ ይቅር ይበለኝ» አለች። «የጾሜ ኒያ ለአላህ አልነበረም። የልጄን ድምፅ ፈልጌ ነው።»

እስቲ ንገረኝ ኸይረዲን፣ ሰው እናቱን ለማናገር እናቱ እስክትወድቅ ይጠብቃል? መሣሪያውን አልጠላውም፤ ሕይወት ያድናል፣ የእሷንም አድኗል። የጠላሁት አንተ የልጅነት ግዴታህን ለእሱ አስረክበህ መቀመጥህን ነው። እናትህ ለአንድ ስልክ ብላ ሞትን ደጅ ጠናች። አንተ ደግሞ በእኔ ላይ ትጮሃለህ!

አሁን ቁጥሯ የሚመጣው ወደ እኔና ወደ ከበቡሽ ስልክ ነው። ያንተን ቆርጬዋለሁ። ተበላሸ ብለህ እንዳትነካካው። እንዴት እንዳደረች ማወቅ ከፈለግህ በአፍህ ጠይቃት። ስለ ጉልበቷ ታወራሃለች፣ ስለ ዘንድሮው የማሾ ምርት ታወራሃለች፣ የተናገረችውን መልሳ ትናገራለች። ከሰለቸህ እየሰለቸህ ስማት። መንገዱም ቢሆን ከደብረ ብርሃን ቁልቁል ነው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ ባሕር የለበትም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ኢንሻአላህ ምሳዋን በልታ፣ ስኳሯ ተስተካክሎ፣ ምንም ሳትሆን ተቀምጣ ትሆናለች። ምንም ስላልሆነች ደውልላት።

እህትህ ናጅዋ
ሸዋ ሮቢት