ሰአዳ ስትከሳ፣ ልጁ ሲፋፋ

ኅዳር 3፣ ማለዳ
ጥፋቱ የከዲጃ ነው። የምራቴ እናት፣ የጀውሃዋ። ልጇን ሰአዳን ለመጀመሪያ ወሊድ እቤቷ ወሰደች። ገንፎ፣ ቅቤ፣ ማር። ከጥላ ሳታወጣ አወፍራ መለሰቻት። ስትመጣ አንገቷ ከትከሻዋ አይለይም ነበር። ሰፈሩ አደነቀ። አሁን ከወር ወር ትጎድላለች፤ ሰፈሩ ዞሮ እኔን ያያል። ስትወፍር የእናቷ፣ ስትከሳ የአማቷ። ደብተሬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ።

ኅዳር 5፣ ከሰዓት
የሰአዳ የብር አንባር። ስትመጣ እጇን ነክሶ ይዞ በሳሙና እንኳ አልወጣ ብሎ ነበር። ዛሬ እጄን ስታስታጥበኝ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ። ደነገጥኩ። ልጁን ተቀበልኳት። አምስት ወሩ ነው። ክንዱ ክር የታሰረበት ይመስል በየቦታው ተሸንሽኗል፤ መሸከሙም ከበደኝ። ሥጋዋ ወዴት እንደሚሄድ አወቅሁ። ሌባው ጭኔ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል።

ኅዳር 8፣ የገበያ ቀን
ከዲጃ በጭነት መኪና መጣች። ሰላምታው ሳያልቅ የልጇን ክንድ ጨበጠች።
«ሰንጋ ሰጥቼሽ አጥንት ትመልሽልኛለሽ?»
ከብት ከፈለግሽ ገበያው ከማዶ ነው አልኳት። እዚህ ያለችው የምታጠባ ሴት ናት።
የሚጨርሳት ጡቱ ነው አለች። ይቁም። እሬት ይቀባ። እሬቱንም ቆርጣ ይዛ መጥታለች። አለዚያ በሚቀጥለው ገበያ ልጇንም የልጅ ልጇንም ጭና ትሄዳለች።
የሰአዳ ባል፣ ልጄ አህመድ፣ ለውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እዚህ ቤት ፊቱን የማየው በዚህ ሕፃን ነው። እነሱ ከሄዱ የምንቀረው እኔና ሽማግሌው ባሌ ብቻ። ልጁ ከሚሄድብኝ ጡቱ ይቅር አልኩ። እሬቱን ተቀበልኩ።

ኅዳር 9
ጠዋት ቀባን። የሰአዳ እንባ ወረደ። ልጁ አንዴ ሳበ። ፊቱ ተጨማደደ። ጮኸ። የፍየል ወተት በማንኪያ ብንሰጠው ተፋብን።
ቀትር ላይ ደረቷ ድንጋይ ሆነ። ልጁን ይዤ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ወጣሁ። እሪ ሲል በበሩ ወደ ውስጥ አየሁ። እሷ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ አልነካችውም፣ አልታቀፈችውም። ወተቱ በራሱ ቀሚሷን አርሶ ይንጠባጠባል። ዝም ሲል ይቆማል። ሲጮኽ ይወርዳል።
ሱብሃነላህ!
ሰባት ወልጄ ይህን ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም። ማን ፋታ ሰጠኝ? ውኃ ቅጂ፣ ማሽላ ፍጪ። ተሸክሜው የኖርኩትን ዛሬ በሰው ደረት ላይ አየሁት።
ውኃ አሞቅሁ። እሬቱን በእጄ አጥቤ ልጁን ሰጠኋት። ሁለቱም እኩል ተነፈሱ።

ኅዳር 10
ጤ/ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ከጎንደር ተመድባ የመጣች ናት፤ ሳቂታ። ልጁን ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለችው። «እማማ፣ ይሄ ልጅ ነው ኩንታል?» አለች። ማሻአላህ በይ አልኳት። አለች።
ሰአዳን የዓይኗን ቆብ ገልባ አየች። ያዞርሻል? ሳል አለ? ትኩሳት? የለም። ከዚያ እንዲህ አለችኝ። ያ ስብ ለዚሁ የተሰነቀ ነው። ስታጠባ ቀስ እያለ መውጣቱ በሽታ አይደለም። ጡቱ አይቁም። ግን ምግብ ሲያንስ ገላዋ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከራሷ እንጂ ከልጁ አይደለም። ለራሷ የሚደርሳት መጨረሻ ላይ ነው።
ቀጥላ ሰአዳ የምትበላው መቼ ነው አለች። እንደ ሰው ሁሉ ነዋ አልኩ። ባሌና እኔ በልተን እጃችንን ስንታጠብ፣ የተረፈውን።
ሲስተሯ መሳቋን ተወች። «እማማ፣ ለሁለት የሚበላው ማነው? እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?»
እኔ! ለሰፈሩ ሁሉ መልስ የማላጣው ልጁን ታቅፌ በሩን ማየት ያዝኩ።

ኅዳር 12፣ ከአሱር ሶላት በኋላ
ስታጠባ እያየሁ ተቀምጫለሁ። ሥራ ፈትታለች ይበሉኝ። ገንፎው ገላ ሆነ። ገላው ወተት፣ ወተቱ ጉንጭ። እኛ ደክሞን ስንተኛ ይህ ሥራ አይተኛም። አላህ እንዲህ ያለ ጎተራ በሴት ገላ ውስጥ ሠርቶ ኖሯል! መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጠረኝ፤ ለዚህ የሚሆን ቃል ግን አላገኘሁም።
አንድ ነገር ያቃጥለኛል፤ ቢሆንም ልጻፈው። የዚህ ጉንጭ ግማሹ የከዲጃ ቅቤ ነው።

ኅዳር 15፣ የገበያ ቀን፣ ጠዋት
ከዲጃ ዛሬ ትመጣለች። ሲስተሯ ያለችውን እነግራታለሁ። ልጅሽ ትበላለችም እላታለሁ። ይህን ከማለቴ በፊት ግን እውነት መሆን አለበት።
ቁርስ ቀረበ። ሽማግሌው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ትሪውን አንስቼ ሰአዳ ፊት አደረግሁት። ልጅቷ ወደ ኋላ ሸሸች። ሽማግሌው አየኝ።
«ምነው፣ አብዮቱ እኛም ቤት ገባ?»
ገባ አልኩት። ተራህን ጠብቅ።
ሰአዳ ልጁን እንደታቀፈች አንድ ጉርሻ ወሰደች። ከዚያ ሌላ። ቀና ብላ ፈራ ተባ እያለች አየችኝ። ብዪ አልኳት።
መንገዱ ላይ የጭነት መኪና ቆመ። የከዲጃ ድምፅ ይሰማል፤ ከሾፌሩ ጋር ትጨቃጨቃለች። ትመነኝ አትመነኝ፣ ትውሰዳቸው ትተዋቸው፣ አላውቅም። ይህን ግን ማንም ሳያዘኝ ቆርጫለሁ። ከእንግዲህ ይህች ልጅ ሳትጠግብ እጄን ወደ ገበታ አልሰድም።