እማዬ ክፍል ያለው ሰርቨር

እሑድ፣ ኦክቶ. 5፣ ከሰዓት

ዛሬም እምቢ አለ። አሮጌው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ የተባለውን ሲስተም ጭኛለሁ፣ ድረ ገጽ ወደ ውጭ የሚያደርሰው ሰርቨርም ይሠራል። እዚሁ ቤት ስከፍተው ገጹ ይመጣል። ከውጭ ሲሞከር ግን ጸጥ። ማስታወሻዬ፣ ለምን እንደሚያንገበግበኝ አንቺ ታውቂያለሽ። እዚሁ አሜሪካ፣ አዲሰን ከተማ ያለው የኮምፒውተር መ/ቤት አለቃ፣ ኢንተርቪው ሳላደርግሽ በፊት ራስሽ ያቆምሽውን ሰርቨር አሳዪኝ ብሏል። ዓርብ ከቢሮው ሆኖ ይከፍተዋል። ከተከፈተለት ኤርፖርት ካርጎ መግፋት በቃኝ ማለት ነው። ካልተከፈተለት ወገቤን አምላክ ይርዳው።

ያው ዕለት፣ ከእራት በፊት

ለካ ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ላይ የውጭ ሰው መግቢያውን በር አልከፈትኩም። እንግዳ ጠርቶ በር መቆለፍ ማለት ይኼ ነው። ከፈትኩት። በስልኬ ዳታ ሞከርኩ። መጣ። ነጭ ገጽ፣ አንድ ቃል፦ ሰላም። ዘለልኩ። እማዬ ከደብረ ብርሃን ከመጣች ገና ወሯ ነው፤ ልጄን አሜሪካ ነካካት ሳትል አልቀረችም።

ላፕቶፑን ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አዘዝኩትና እማዬ ክፍል ኮመዲኖው ላይ አስቀመጥኩት። ራውተሩ እዚያ ነው፣ ምርጫ የለኝም። እንዳይነቀል አልኳት። በማርያም ምላ ተቀበለችኝ።

ሰኞ፣ ኦክቶ. 6

ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ሥራ የለም። «ሰላም» ብቻ የሚል ገጽ ማንን ያስቀጥራል? ዙሪያዬን ሳይ የእማዬ ዳንቴል። ሻንጣዋ እኮ ግማሹ በርበሬ፣ ግማሹ ዳንቴል ነበር። የሶፋው፣ የጠረጴዛው፣ የቲቪው። እስከ ማይክሮዌቩ አልብሳዋለች። ሶ፣ አንድ በአንድ ፎቶ አነሳሁ። እያንዳንዱን መቼና ለማን እንደሠራችው እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሰማያዊውን እኔን እርጉዝ ሆና ነው የሠራችው። ይህን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። ደስ አለኝ፤ እሷ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፣ እኔም ሰማያዊውን ከገጹ አናት ላይ አደረግሁት።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8

ቤቱ ሠርግ ሆኗል። ሊንኩን ለደብረ ብርሃን ጎረቤታችን ለእትዬ አስካለ ልኬላቸው ነበር፤ ሰፈሩን ሰብስበው አይተዋል። ጠዋት ደወሉ። አንዱን ጥለት እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ ብለው እማዬን ነገር ፈለጓት። እሷም አልተቻለችም፣ የእርስዎማ ጠርዙ ይንሻፈፍ ነበር አለቻቸው። ተሳስቀው ዘጉ። ከዚያ እማዬ ላፕቶፑን ትኩር ብላ አየችው። ሥራዬን አገር ድረስ የሚያደርሰው ይኼ ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት። እኔም ኮራሁ። ነገ ጠዋት ሰርጎ ገብ የሚከለክለውን ፋየርዎል አጠብቃለሁ፣ ለዓርብ ዝግጁ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 9፣ ሥራ ቦታ፣ ብሬክ ላይ

ገጹ የለም። ጠፋ። ከስልኬ ልገባ ብል እሱም እምቢ። ጠዋት ፋየርዎሉን ሳጠብቅ ራሴን ቆልፌ አስወጥቼ መሆን አለበት። ምን አስነካኝ? ደህና ይሠራ አልነበር? ነገ ሰውየው ይከፍታል።

እማዬ ጋ ኮል አደረግሁ። ላፕቶፑ ደህና ነው ወይ? በጣም ደህና ነው፣ እንዲያውም እንደዛሬ አምሮበት አያውቅም አለችኝ። አምሮበት? ምን ማለቷ ነው? ሱፐርቫይዘሩ እየጠራኝ ነ

ሐሙስ፣ ቤት

ማስታወሻዬ፣ እየሳቅሁ ነው የምጽፍልሽ። ክፍሏ ገባሁ። ላፕቶፑ የለም። ያለው ዳንቴል ነው። ከሁሉም ወፍራሙ፣ ድርብ ሆኖ፣ ዙሪያው ተጠቅጥቆ። ከሥሩ ኮመዲኖው እንዳይጫር የታጠፈ ፎጣ። ከላዩ የላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው። ገልጬ ስነካው እንደ ካውያ ይፋጃል። መተንፈሻ አጥቶ፣ ግሎ፣ ራሱን አጥፍቷል። ምስኪን ፋየርዎሌ ምንም አላጠፋም።

እማዬ ደንግጣ በሩ ላይ ቆመች። እንዲህ ያለ ባለውለታ ራቁቱን ሲቀመጥ ነውር መስሎኝ ነው አለች። እንባዋ መጣ። አቅፌ ሳምኳት። እኔም ብሆን እኮ አገር ቤት ያደግሁት ሬዲዮ ለብሶ ሲቀመጥ እያየሁ ነው፤ አስቀድሜ ልነግራት ይገባ ነበር። እስኪበርድ ጠብቀን አስነሳሁት። ገጹ መጣ። ሲሞቅ ስልኬን የሚጠራ ማስጠንቀቂያም ጨመርኩበት። ፎጣውም ዳንቴሉም ወደ ሻንጣ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 14፣ አዲሰን፣ መኪና ውስጥ

ዓርብ ገጹ ተከፍቶለት ጠርቶኝ ነበር፤ ኢንተርቪው አለቀ። ሰውየው ለካ ዓርብን አልጠበቀም፤ ሐሙስም ሊከፍተው ሞክሮ ነበር። ተዘግቶ ነበር፣ ምን ሆነ? አለኝ። መብራት ጠፍቶ ነው ልል አፌ ላይ ደረሰ። ግን እማዬ ትዝ አለችኝ፣ እውነቱን ነገርኩት። ዳንቴልን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ከፋየርዎል ይከብዳል። ሰውየው በሳቅ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ኮስተር ብሎ እንዳይደገም ምን አደረግሽ አለኝ። ማስጠንቀቂያውን ስልኬ ላይ አሳየሁት። ደጋግሞ አየው። እንደውላለን አለ። ያው፣ ይኼን ሁሉም ይላል።

ሐሙስ፣ ኦክቶ. 16

ደወሉ። ሰኞ እጀምራለሁ። እ/ር ይመስገን። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቱ በሩን ከፍቶ አየን፣ እሱም አጨበጨበ።

አሁን ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። አዲስ ክር አውጥታለች፣ ኪሮሿ እጇ ላይ ነው። ቀዳዳው ሰፋፊ፣ አየር የሚያስገባ ጥለት አግኝታለች። በደንብ ይተነፍሳሉ፣ አታስቢ ትለኛለች። አዲሱ መ/ቤቴ ስንት ሰርቨር እንዳለው፣ ወርዳቸውም ስንት ስንዝር እንደሆነ እየጠየቀችኝ ነው።

ወስኛለሁ። ቁጥሩንም ወርዱንም አልነግራትም።