ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ያለው ገመድ

ደባርቅ
ጥቅምት 10 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሐመልማል
ሽሬ

ከሁሉ አስቀድሞ የፖስታውን ስፌት እዪው። በነጭ ክር ነው የሰፋሁት። ክሩ ሌላ ከሆነ ከአንቺ በፊት ያነበበው ሰው አለ ማለት ነውና ውስጡ ያለውን ሁሉ እንዳልተጻፈ ቁጠሪው። የምታመጣልሽ በርበሬ ነጋዴዋ በለጠች ናት። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ዘንድሮ የማን ልብ ከማን ጋር እንደሆነ በምን ይታወቃል? ስልክ ያልደወልኩት ስልኩ ከወንድምሽ ከሙሌ ኪስ ስለማይወጣ ነው። ሳናግርሽም አጠገቤ ተቀምጦ ያዳምጣል።

እንዴት ነሽ ልጄ? እግሬ ያብጣል ብለሽኝ ነበር፤ ስትተኚ ከፍ አድርጊው፤ ጨውም ቀንሺ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ኮሮና የገባ ሰሞን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ኬላ ሲያቆሙ መንገደኛ እጅ እንዳስታጥብ እኔን እንደወሰዱኝ ታውቂያለሽ። አሁንም በርሜሌንና ሳሙናዬን ይዤ ከገመዱ አጠገብ እቆማለሁ። ያኔ የጤና ልጆች ግንባር ላይ እየደገኑ ሙቀት ይለኩ ነበር። ክረምት ላይ የመለኪያው ባትሪ አለቀ፤ የሚቀይርለት አልመጣም። አዋጁም ተነሣ አሉ። ገመዱን ይፈቱታል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ጠመንጃው በዛ። አሁን የሚታየው መታወቂያ ነው። “ከየት ነህ? የአባትህ አባት ማን ይባላል?” ይላሉ። ለሳል የአያት ስም ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቅ “እማማ፣ እርስዎ ውሃዎን ይቅዱ” አሉኝ። ቀዳሁ።

ሙሌም ከእነሱ ጋር ነው። ፈረንጅ እያስጎበኘ ጨነቅ ተራራ ሲወጣ ሲወርድ የኖረ ልጅ፣ ፓርኩ ጭር ሲል ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ሲሰማ ከረመ። ግብፅ ግድቡን ልትመታ ነው፣ ሱዳንም ድንበራችን ላይ ዓይኗን ጥላለች፣ በሽታውን ተገን አድርጎ የማይገባ ጠላት የለም ይላል። ኬላው ሥራ ሲሰጠው ሰው ሆነ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ምርጫው በበሽታው ምክንያት ተራዘመ፤ እናንተ ዘንድ ለብቻ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲህ የላዮቹ አላውቅህም አላውቅህም ይባባላሉ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ባለፈው እራት ላይ ባልሽን አነሣብኝ። “ገብረ ክርስቶስ አምና ለጥምቀት ሲመጣ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ በስልኩ ለምን ነበር ፎቶ የሚያነሣው?”

“የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ገደል ማየት ይወዳል” አልኩት።

“ጂኦግራፊ ማለት ካርታ አይደል?” አለኝ። ቀጥሎም “እኅቴ ልትወልድ ስትመጣ ገመዱን እኔው ራሴ አነሣላታለሁ። እሱ ግን አያልፍም” አለ።

በሰርጋችሁ ዕለት ባልሽን ትከሻው ላይ አድርጎ የጨፈረው ልጅ ነው ይህን የሚለው። እኔም የገዛ ልጄን መጠርጠር ጀመርኩ።

የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ ወጉን አልሽርም። ብቻሽን ነይ ማለት እችል ነበር፤ ላንቺ መንገዱ ክፍት ነውና። ግን በእናንተም በኩል ድልድዩ ላይ እንዲህ ያለ ገመድ ተወጥሯል ትላለች በለጠች። ሁለቱም እየከረሩ እንጂ እየላሉ አይሄዱም። ሕፃኑን ወዲህ፣ አባቱን ወዲያ አድርጌ አያት መባል አልፈልግም።

አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ያዢ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጤነኛ ሰው ለአባቱ ተዝካር ሲመጣ መታወቂያውን አይተው መለሱት። እያለቀሰ ወረደ። ከኋላው የነበረው ደግሞ ያስል ነበር። ጠባቂዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ፤ መታወቂያውን የሚነካ ጠፋ። “እማማ፣ ወደ ማቆያው ይውሰዱት” አሉኝ። ማቆያው ከከተማው ዳር ያለ ባዶ መጋዘን ነው። ጠባቂ የለውም፤ ቁልፉ በእኔ መቀነት ነው።

እናንተም ገመዱ ጋ ስትደርሱ ሳሉ። አንቺ ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ተከናነቢ፤ እሱም አፉን ይሸፍን። ንግግሩ ያስታውቅበታልና አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ። እኔ እንደማላውቃችሁ ሆኜ ከሩቅ እየነዳሁ እወስዳችኋለሁ፤ ብሰድባችሁም እንዳትቀየሙኝ። በማግስቱ ጎንደር፣ አክስትሽ ዘንድ ትሄዳላችሁ። እኔም እከተላለሁ። የእናት ቤት እናት ያለችበት ነው።

ለገብረ ክርስቶስ ሰላም በይልኝ። የሠራሁትን በሶ በለጠች ትሰጥሻለች። ደብዳቤውን አንብበሽ ስታበቂ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ቀኑን ግን አትሳሳቱ። በዚሁ በጥቅምት ሃያ ሰባት ኑ። ሙሌ የአባቱን የመድኃኔዓለም ጽዋ ተረክቧልና በሃያ ሰባት ኬላ አይገባም። ናፍቆት አስቸኩሏችሁ ቀድማችሁ እንዳትመጡ። ሌሎቹ ሳል ሲሰሙ ይሸሻሉ። እሱ ግን ካንቺ ጋር ባንድ መደብ ተኝቶ ያደገ ነው፤ ሳልሽን ያውቀዋል።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።

እናትሽ ማንጠግቦሽ